እርማት፦ አንትሮፖሎጂ አጥንት ቁፋሮ ብቻ አይደለም

«ለጤናና ለግብርና ተማሪ አንትሮፖሎጂን ደርቦ መማር ጊዜ ማባከን ነው፤ እሱ የሉሲን አጥንት ለሚቆፍሩ ነው» የሚል አስተያየት ሲደጋገም አየሁ። አንትሮፖሎጂ ማለት የሰውን ልጅ፣ ባህሉንና አኗኗሩን የሚያጠና ትምህርት ነው። ቅር አይበላችሁና ስህተት ነው። ቅሪተ አካል የሚያጠናው የዘርፉ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ተግባራዊ አንትሮፖሎጂ የሚያተኩረው ዛሬ በሕይወት ባለው ሰው ችግር ላይ ነው።

ምሥራቅ ጎጃምን እንውሰድ። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሥራት የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ እዚያ ብዙ ሰው ያጠቃል። የጤና ባለሙያው «ጫማ አድርጉ፣ እግራችሁን ታጠቡ» ይላል። እሺ፣ ገበሬው ግን ዕርፍ ሲጨብጥ ጫማውን ለምን ያወልቃል? ቤተሰብስ በሽተኛውን ለምን ከሰው ይደብቃል? ቁጭ ብሎ ይህን መጠየቅና ማየት የሚያስተምረው ይሄ ትምህርት ነው። ለግብርናም ያው ነው፤ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ጎጃም ውስጥ ደጋ ዳሞት ድረስ ሄዶ ያጠናው የርስት መሬትን እንጂ አጥንትን አይደለም።

ማጣራት ቀላል ነው። ከትምህርት ክፍሉ የኮርስ ዝርዝር ጠይቁና ስለ ጤና፣ ስለ ልማትና ስለ መስክ ጥናት ዘዴ ምን እንዳለ እዩ። ዋናውን ሙያ አይተካም፤ ነርስ ያው ነርስ ናት። በወሬ ተነስቶ ምዝገባውን የሚሰርዝ ተማሪ ግን ገጠር ሲመደብ በጣም የሚፈልገውን ነገር ነው የሚጥለው።