ሳይገለጥ የተነበበ

የድሮ ሰዎች ያባከኑትን ጊዜ ሳስብ አንጀቴ ይንሰፈሰፋል። ፊደል ቆጥረው፣ መልእክተ ዮሐንስ ወጥተው፣ ከየኔታ አለንጋ ተርፈው ዳዊት እስኪደግሙ ድረስ ስንት ክረምት አለፈ! የዛሬ አንባቢ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ማኪያቶ ካዘዘ ይበቃዋል።

እስቲ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ማኪያቶው አረፋው ሳይሟሽሽ በግራ፣ ልብ ወለዱ በቀኝ ይቀመጣል። መነጽሩ ሽፋኑ ላይ እንዲሁ የተጣለ ይመስላል፤ አምስት ጊዜ ነው የተጣለው። አስተናጋጇ ስኳር ይዛ ስትመጣ በእጅ ምልክት ትታገዳለች፣ ጥላዋ ንባቡን ያበላሻላ! ከዚያ ሦስት ፎቶ፣ ከሥሩ «ዝናብ፣ ልብ ወለድና እኔ»፣ አለቀ። መጽሐፍ እስከ አገጩ ከምሮ የተሸከመው አዟሪ አጠገቡ ቆሟል፤ «ቆይ ልየው» ተብሎ የተወሰደበትን ሊቀበል።

የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢዎችንም ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ ከዚያ ወዲህ ያላነበበው ሰው ጠፋ። ጉዱ ካሣ ከተነሣ ሁሉም ጉሮሮውን ጠርጎ በወጋየሁ ድምፅ ይናገራል። ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው ብሎ መጠየቅ ግን ምቀኝነት ነው።

እኔን የሚገርሙኝ የተፈጥሮ ማስታወሻ አንባቢዎቹ ናቸው። እንጦጦ ይወጡና ባሕር ዛፍ ተደግፈው፣ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፎቶ ይነሣሉ። «በአባቶቼ ጥንታዊ ደን ውስጥ» ይላል ጽሑፉ። ዛፉ በምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው፤ ስሙ ራሱ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ እያለ ይጮኻል። ግን በንባብ የተመሰጠ ሰው መቼ ይሰማል?

ከነዚህ ሊቃውንት አንዱ ወዳጄ ነው። ስለ ባሌ ተራሮችና ስለ ቀይ ቀበሮ የሚያወሳ ማስታወሻ አውሼው ነበር። በማግስቱ ጻፈ፦ «በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። ሳነቴ ላይ ከቀበሮው ጋር በብርድ ተንቀጠቀጥኩ። በጎቹን ሲፈጅ አለቀስኩ።» አራት መቶ ሰው ወደደለት። እኔም ወደድኩለት፤ ወዳጅ አይደለሁ?

መጽሐፉ ሲመለስ ገለጥ ባደርገው ከገጽ 17 እስከ 32 ያሉት ቅጠሎች ከአናታቸው አልተላቀቁም። ማተሚያ ቤቱ ሳይቆርጣቸው አልፏል። በቢላ እየሰነጠቅሁ ማንበብ ጀመርኩ። ቀበሮው ቀኑን ሙሉ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ ይውላል፤ ኑሮው በአይጥና በፍልፈል ነው። የተፈጁትን በጎች ብፈልግ ብፈልግ አጣኋቸው።

ከዚህ በኋላ ማን ዝም ይላል? መጽሐፉን ይዤ ካፌ ድረስ ሄድኩና ፊቱ ላይ ዘረጋሁት። «ይኸው፣ ተያይዞ ነው የመለስክልኝ! እንዴት አድርገህ አነበብከው?»

የተሰነጠቀውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገ። ምንም አልደነገጠም።

«አንተ ስታውሰኝስ» አለ፣ «ተያይዞ አልነበረም እንዴ? ‹ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት› ብለኸኝ ነበርኮ።»

አስተናጋጇን ጠራሁና ሁለት ማኪያቶ አዘዝኩ።