ከየትኛው ቀን ነው የምትቆጥሩት?

እስቲ አንድ ሰው ይመልስልኝ። «ከጨረር በኋላ በሰባተኛው ቀን ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ሰባቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጨረር ነው ከመጨረሻው? አጭርና ረጅም የጨረር አሰጣጥን አይጥ ላይ እያወዳደርኩ ስለሆነ ሰሞኑን ስንት ፔፐር (የጥናት ጽሑፍ) አገላበጥኩ። አንዱ ከመጀመሪያው፣ አንዱ ከመጨረሻው፣ ሌላው ጭራሽ ዝም። ያቃጠለኝ ዝም ያለው ነው።

ለምን ትካበዳለህ የምትሉኝ አላችሁ። ሰው ላይ ያለውን እዩት። ለሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ካንሰር አጭሩ ጨረር በቀን 5 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ለ5 ቀን ነው። ረጅሙ ወደ 50 ግሬይ የሚጠጋውን በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ፣ ከኪሞ (የካንሰር መድኃኒት) ጋር አምስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በድሮው አሠራር ከአጭሩ በኋላ ቀዶ ሕክምናው በሳምንት ውስጥ ነው፤ ከረጅሙ በኋላ ግን ሳምንታት ይጠበቃል። ታዲያ በረጅሙ ዕጢው በደንብ አንሶ ቢገኝ፣ ያሳነሰው የጨረሩ አሰጣጥ ነው ወይስ ጥበቃው? የዕጢ ሴል እኮ ጨረር በነካው ቀን ድፍት አይልም። አብዛኛው የሚሞተው በኋላ፣ ለመከፋፈል ሲሞክር ነው። ስዊድኖች ስቶክሆልም 3 በተባለው ጥናታቸው ያንኑ አጭር ጨረር ሰጥተው፣ አንዱን ቡድን ወዲያው፣ ሌላውን ከ4 እስከ 8 ሳምንት አቆይተው ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ወደው አይደለም።

አይጥ ላይ ደግሞ ይብሳል። ዕጢዋ በጥቂት ቀን እጥፍ ይሆናል። ጨረሩ አምስት ቀን ከፈጀ፣ ከመጀመሪያው ቆጠርክ ከመጨረሻው የአራት ቀን ልዩነት አለው። አራት ቀን ለአይጥ ዕጢ ዕድሜ ነው!

መለኪያውም ያው ነው። ትናንት በካሊፐር ስለካ ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 8 ሚሊ ሜትር መጣልኝ። ባልደረባዬ ያችኑ አይጥ ይዞ ወርዱ 9 ነው አለ። የዕጢው መጠን የሚሰላው ርዝመቱ በወርዱ፣ እንደገና በወርዱ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ስለሆነ፣ 320 የነበረው 405 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ሆነ። በአንዲት ሚሊ ሜትር ከሩብ በላይ አደገ ማለት ነው። ተጨቃጨቅን፤ አይጧ ማደንዘዣው ለቋት መንቀሳቀስ ጀመረች። አራት ቁጥር ሳጥን ውስጥ ያለችው ደግሞ ዕጢዋ ቆስሎ፣ ቀዶ ሕክምናዋ ሳይደርስ በደንቡ መሠረት ከስቃይዋ እንድታርፍ ተደረገ። ረጅሙን ጨረር ከሚወስደው ቡድን ነበረች። ከሌላ ከየት ልትሆን!

ይህን ሁሉ ይዤ አማካሪዬ ዘንድ ገባሁ። ሰንጠረዡን አዩና «ጥሩ ነው፣ ቀዶ ሕክምናውን በሰባተኛው ቀን አድርጉት» አሉኝ።

«ከየትኛው ቀን ተቆጥሮ?» አልኳቸው።

«እንደ ፔፐሩ ነዋ» አሉኝ። የትኛው ፔፐር እንደሆነ ገምቱ። ያ ዝም ያለው።