አበል የማይከፈልበት ስልጠና

ባሕር ዳር የስልጠና ከተማ ናት። ዘንባባው ጥላ አለው፣ ሐይቁ ነፋስ አለው፣ ሆቴሉ አዳራሽ አለው። ስለዚህ «የአመራር ክህሎት ማጎልበቻ» የሚል ባነር ሳይሰቀል የሚያልፍ ሳምንት አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሠራሩም የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ 2፡30 ይላል፤ የክብር እንግዳው እስኪመጡ 4 ሰዓት ይሞላል፤ እሳቸውም ስለ ሰዓት አክባሪነት ጥቂት ተናግረው፣ አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ ብለው ይወጣሉ። ከዚያ ቡድን ይከፈላል። መሪ የሚሆነው ጽሕፈቱ የሚነበብለት ሰው ነው። አበሉ የሚከፈለው በመጨረሻው ቀን፣ ያውም ከምሳ በኋላ ነው። ጠዋት ቢከፈል ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ የሚቀሩት አሠልጣኙና ፕሮጀክተሩ ብቻ መሆናቸውን ገንዘብ ያዡ ያውቃል። ከተሰብሳቢው ሁሉ አመራር በትክክል የገባው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስላይዱ እንዲታይ መጋረጃው ይዘጋል። ከመጋረጃው ማዶ፣ ሐይቁ ዳር፣ ታንኳ ይሠራል።

ታንኳ የደንገል ሥራ ነው። ደንገሉ እንደታጨደ አይታሰርም፤ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ፣ እየተገላበጠ፣ ለቀናት ይደርቃል። እርጥቡን ያሰረ ሰው ሁለት ጊዜ ይቀጣል። መጀመሪያ ታንኳው ይከብደዋል፤ ቀጥሎ ደንገሉ እየደረቀ ሲኮማተር ማሰሪያው ይላላና ጥቅሉ ይፈታበታል። አዳራሹ ውስጥ ይህ የማድረቅ ሥራ «አቅም ግንባታ» ይባላል፤ ሻይ ዕረፍቱን ጨምሮ በ3 ቀን ያልቃል። የደረቀው ደንገል በጥቅል በጥቅሉ ተደርጎ በገመድ ይጠፈራል፤ አፍንጫው ሽቅብ ቀና እንዲል ገመዱ ከፊት ጠበቅ ተደርጎ ይሳባል። ታንኳ ላይ የጥራት ቁጥጥር ክፍል የለም። ያሰረው ሰው ራሱ ይቀዝፍበታል፤ ስለዚህ «በአመዛኙ ታስሯል» የሚል ሪፖርት አይጽፍም።

ጭነት ሌላ ትምህርት ነው። እንጨትም ይሁን ጆንያ፣ ከባዱ መሐል ላይ፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ወደ ፊት የሄደ ጭነት አፍንጫውን ውሃ ያስነክሳል፤ ወደ ጎን የሄደ ደግሞ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ዋና ያስተምራል። ታንኳ ውሃ የማያስገባ ዕቃ አይደለም። ውሃው በደንገሉ መካከል ይመላለሳል፤ ታንኳውን የሚያንሳፍፈው በአገዳው ውስጥ ያለው አየር ነው። እናም ቀዛፊው ተጨማሪ ጥቅል አስቀምጦ እላዩ ላይ ይቀመጣል። ይህ ወንበሩ ነው። ቢሆንም መቀመጫው መርጠቡ አይቀርም፣ ይህንንም እንደ መብት ጥሰት አይቆጥረውም። መቅዘፊያው አንድ የቀርከሃ ዘንግ ነው፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። በአንድ ጎን ብቻ የሚቀዝፍ ሰው ላቡ ጠብ እስኪል ይለፋል፣ ከዳር ሲያዩት ታታሪ ነው፣ ግን እዚያው ይዞራል። (የሚያውቁት መሥሪያ ቤት ትዝ ካለዎት በአጋጣሚ ነው።)

ጣና ጠዋት ረጋ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበል ይመጣል። ስለዚህ ዘጌ ደርሶ የሚመለስ ሰው ገና ሳይነጋ ይነሣል።

«አያ፣ ቁርስ በልተን ብንነሣስ?» ይላል ወጣቱ።

«ከነፋሱ ጋር ቀጠሮ ይዘሃል?» ይሉታል ሽማግሌው።

ስብሰባው እዚህ ላይ አለቀ፤ ቃለ ጉባኤም አልተያዘ።

ማታ ታንኳው ከውሃ ወጥቶ፣ ቆሞ ይደርቃል። ውሃ ላይ የከረመ ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። «ለ7 ዓመት የዓመት ፈቃድ ወጥቼ አላውቅም» ብለው የሚኮሩ ኃላፊ ቢኖሩ ታንኳ ሠሪው ዳሰስ አድርጓቸው ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ከዚያው ዳርቻ ዓሣ የሚያጸዱ ልጆች አሉ። ቆረሶ የሚባለው ዓሣ ቅርፊቱ የሚፋቀው ከጅራት ወደ ራስ ነው። የጀርባው እሾህ ወደ ኋላ ስለሚተኛ እጅ ከራስ በኩል ይገባል፤ ከጅራት በኩል የገባ እጅ ይወጋል። ሆዱ ሲሰነጠቅ ቢላው ጫፉን ብቻ ያስነካል። ጠልቆ ከገባ ሐሞቱ ይፈስሳል፣ ሥጋውም ይመራል፤ ከዚያ በኋላ ሎሚም አይመልሰው። «ጥልቅ ግምገማ» የሚወዱ አለቆች ይህን ልጅ ለግማሽ ቀን ቢያዩት ክፉ አልነበረም። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም፣ ያሟልጫል፤ በባዶ እጅ ሳይሆን በጨርቅ ይያዛል። በየቢሮው ያለውን አምባዛ በምን እንደሚይዙት ግን ልጆቹም አልደረሱበትም።

ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው ሴት በበኩሏ ከአሠልጣኙ የተሻለ ጉባኤ ትመራለች። የተቆላውን ይዛ ትዞራለች፤ ሁሉም ጭሱን ወደ ራሱ ይስባል፤ ይህ የተሳታፊዎች ምዝገባ ነው። ጀበናው ከእሳት ሲወርድ አትቀዳም፤ ዱቄቱ እስኪረጋ ጋደም ታደርገዋለች። መቅዳት ስትጀምር ደግሞ ሲኒዎቹን በአንድ ዘንበል ትጨርሳለች። ቀና ዘንበል፣ ቀና ዘንበል ያለ ጀበና የረጋውን ያናውጣል፤ የመጨረሻው ሰው ድርሻም ጭቃ ይሆናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚወጡት ከዚያው ከአንዱ ዱቄት ነው። በረካ ላይ ፍሬ ነገሩ እንደቀጠነ ስለምታውቅ አራተኛ አጀንዳ አትከፍትም።

ስልጠናው የሚዘጋው በመስክ ጉብኝት ነው። አንዳንዴ አውቶቡሱ ወደ ፎገራ ዳርቻ ይወርዳል፤ እምቦጭ ለመንቀል። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ሥርዓት አለው። ከነሥሩ መውጣት አለበት፤ ተቆርጦ የቀረው እንደገና ያቆጠቁጣል። ሳያብብ መነቀል አለበት፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። ከወጣም በኋላ ሐይቁ ሲሞላ ከማይደርስበት ርቆ ደርቆ መቃጠል አለበት፤ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ የሚሆን አረም ነውና። የልዑካን ቡድኑ መሪ አዲስ ቦቲያቸውን አጥልቀው አንድ እቅፍ ያወጣሉ፣ ካሜራው እስኪዘጋጅ ይዘው ይቆማሉ፣ ከተነሡ በኋላ እዚያው እግራቸው ሥር ይጥሉታል።

«ጌታዬ፣ ፈቀቅ ቢያደርጉት» ይላቸዋል አንድ ገበሬ፤ «መስከረም ላይ ውሃው እዚህ ድረስ ነው የሚመጣው።»

«አይስጉ አባቴ» ይላሉ መሪው፣ ቦቲያቸውን እያወለቁ፤ «ለመስከረም ሌላ ዘመቻ ይዘናል።»