ደብተር ላይ የቀረ ፕሮግራም

ለገና ድሬዳዋ በሄድኩበት ሰሞን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን የእኅቴን ልጅ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ደብተር ስገላልጥ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ የኮምፒውተር ፕሮግራም አገኘሁ። ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች ደምሮ ውጤቱን የሚያሳይ፣ አሥር መስመር የማይሞላ ነው። ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው፤ መምህሩም በቀይ «ራይት» አድርጎበታል። «ይኼ ፕሮግራም ሠርቶ ያውቃል?» ብዬ ስጠይቀው ጥያቄዬ ግራ ገባው። «አቦ አጎቴ፣ የት ነው የሚሠራው? ደብተር ላይ እኮ ነው» አለኝ።

በዓሉ አልፎ ትምህርት ሲጀመር አብሬው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የኮምፒውተር ክፍሉን ከፍተው አሳዩኝ። አሥራ ስምንት ኮምፒውተሮች ከአቧራ እንዲጠብቃቸው በተሰፋላቸው ጨርቅ ተሸፍነው ተደርድረዋል፤ ከእነሱ የሚሠሩት ሰባቱ ናቸው። በአንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪ ስላለና መብራትም በየጊዜው ስለሚሄድ፣ መምህሩ ፕሮግራምን በጠመኔ ለማስተማር ተገዷል። ወጣት፣ ትሑትና ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ሲያጫውተኝ ግን እሱም ተማሪ ሳለ ፕሮግራም የጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ላይ እንደነበር፣ ማስተማር ከጀመረ ወዲህም በዚህ ትምህርት አንድም ሥልጠና እንዳላገኘ ነገረኝ። ከተሸፈኑት ኮምፒውተሮች ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

እኔ የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። የስምንት ዓመቷ ልጄ የምትማረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ኮምፒውቲንግ የሚባለው ትምህርት ለእሷ እንደ ሒሳብና እንደ ንባብ ግዴታ ነው። የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት ከመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አንድ ልጅ ከ5 ዓመቱ አንሥቶ አልጎሪዝም (አንድን ሥራ ለመፈጸም በቅደም ተከተል የተቀመጠ ትእዛዝ) ምን እንደሆነ እንዲረዳ፣ ቀላል ፕሮግራም እንዲጽፍና ስሕተቱን ፈልጎ እንዲያርም ያዛል። ይህ የመጣው፣ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ አካዳሚያቸው በ2012 ባወጣው ጥናት፣ ብዙው ተማሪ «ኮምፒውተር ተማረ» እየተባለ ከመተየብና ሠንጠረዥ ከመሙላት የማያልፍ ዕውቀት ይዞ እንደሚወጣ አጥብቆ ከተቸ በኋላ ነው። ልጄ ስክራች በተባለው የሕፃናት ፕሮግራም ላይ ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየገጣጠመች ስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት ስታስኬድ እያየሁ፣ የእኅቴን ልጆች አስቤ የተከዝኩባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው።

ነገር ግን አገር ቤት ያሉ ወዳጆቼ «እንግሊዞች ለሁሉም ማስተማር ከጀመሩ ቆዩ፤ እኛስ መቼ ነው?» ሲሉኝ፣ የታሪኩን ግማሽ ብቻ እንደሰሙ እነግራቸዋለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. ማይክሮቢት የተባለች በመዳፍ የምትያዝ ኮምፒውተር ለአንድ ሚሊዮን ያህል የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች በነፃ ተሰጥታ ነበር። በዓመቱ ያው ሮያል ሶሳይቲ ተመልሶ ሲመረምር፣ ተማሪዎች በ16 ዓመታቸው ለሚወስዱት አገር አቀፍ ፈተና የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች ከግማሽ በታች ሆነው ተገኙ፤ ከተፈታኞቹም መካከል ሴቶቹ ከ5 አንድ ብቻ ነበሩ። ትልቁ ማነቆ መምህር ነበር። ትናንት መተየብ ያስተምር የነበረ ሰው፣ ሕግ ስለወጣ ብቻ ዛሬ የፕሮግራም መምህር አይሆንም። መንግሥት 84 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ እስከ 8,000 መምህራን ለማሠልጠን የተነሣው ሥርዓተ ትምህርቱ ሥራ ላይ ከዋለ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2017 መጨረሻ ነው። ሀብታም አገር ስለሆነ ቅደም ተከተሉን ቢያዛባም በገንዘብ ሊያቃናው ይችላል። እኛ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ የምንከፍለው የለንም።

ይህን የምለው ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት በፕላዝማ ዘመን ስለሆነ ጭምር ነው። ትምህርቱ በሳተላይት እየመጣ በየክፍሉ በተሰቀለው ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። እኛ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳንጨርስ ስክሪኑ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ መምህራችን ደግሞ መግቢያና መደምደሚያ ላይ በተተወለት ጥቂት ደቂቃ ያመለጠንን ሊሰበስብልን ይሞክራል። ዕቃው ውድና አዲስ ነበር። መምህሩ ግን ከዕቃው ጎን እንዲቆም ተደርጎ ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ለእኅቴ ልጅ ምን ላድርግለት ብዬ ሳስብ ሰንብቼ፣ አንድ ቀን ፀሐዩ በረድ ሲል እሱንና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን እኅቱን ይዤ ወደ ደቻቱ ወረድኩ። ደቻቱ በበጋ ውኃ የሌለው ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቁ ሲሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ በ1967 እ.ኤ.አ. ሎጎ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለልጆች ሠርተው ነበር፤ ሎጎ በኋላ የታወቀው በኤሊው ነው። ኤሊው ይህን ያህል ወደ ፊት ሂድ፣ ይህን ያህል ዙር ሲባል ከኋላው መስመር እየተወ ሥዕል ይሠራል። እኔም ልጅቷን ኤሊ አደረግኋት። ዱላ አሸዋው ላይ እየጎተተች እንድትሄድ፣ ወንድሟ በቃል ብቻ እንዲያዛት፣ እሷም ያልተባለችውን ምንም ነገር እንዳታደርግ ተስማማን።

አራት ማዕዘኑ አላስቸገረም። «10 እርምጃ ወደ ፊት ሂጂ፣ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ዙሪ፤ ይኼን 4 ጊዜ ድገሚ» አላት። «ድገሚ» የምትለውን ቃል ያመጣው እሱ ራሱ ነው፤ ደብተሩ ላይ «ሉፕ» በሚል ርእስ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ የሸመደደው ነገር ይኼው ነው። ቀጥሎ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እንድትሠራ አድርጋት አልኩት። የዚህ ዓይነቱ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ መሆኑን በሒሳብ ስለተማረ፣ ሳያመነታ «10 እርምጃ፣ 60 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ 3 ጊዜ» አላት። ሦስተኛውን ጎን ጨርሳ ስትቆም መስመሩ ሳይገጥም አፉን ከፍቶ ቀረ። «አንቺ አበላሸሽው!» ብሎ ጮኸባት። እሷ «ያልከኝን ነው ያደረግኩት» ብላ ፍንክች አላለችም።

እኔም ዝም አልኩ። እየተመላለሰ መስመሩን አየው፤ ከዚያ ማዕዘኑ ላይ ራሱ ቆሞ ወደ ሄደችበት አቅጣጫ ፊቱን አዙሮ፣ ቀስ እያለ ገላውን ወደሚቀጥለው ጎን አዞረ። «ለካ እሷ የምትዞረው ከውጪ ያለውን ነው፤ 120 ነው!» አለ። እሱ ይህን ሲያስብ ልጅቷ መቆም ሰልችቷት በ60 ዲግሪው ሦስት ጊዜ ደግማ ቀጥላበት ኖሮ፣ መስመሩ ዞሮ ገጥሞ ስድስት ጎን ያለው ቅርጽ ሆኗል። ሦስቱን ቅርጾች ጎን ለጎን አይተው 4 ጊዜ 90፣ 3 ጊዜ 120፣ 6 ጊዜ 60 ሁሉም 360 እንደሚሆን ያገኙት እነሱ ናቸው፤ እኔ አልነገርኳቸውም።

በደብተሩና በአሸዋው መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ደብተር የተጻፈበትን ሁሉ ተቀብሎ ዝም ይላል፤ ትክክል መሆንህን የምታውቀው በመምህሩ ቀይ ምልክት ነው። ልጅቷ ግን የተባለችውን ብቻ ስላደረገች የወንድሟን ስሕተት ከነቅርጹ መልሳ አሳየችው። ፕሮግራም መማር ማለት፣ ሐሳብን በቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ ውጤቱን አይቶና ስሕተቱን ፈልጎ ደግሞ መሞከር ስለሆነ፣ መልስ የሚሰጥ ነገር ከፊት ለፊት መኖር አለበት። ከጊዜ በኋላ ኮምፒውተር የግድ ነው፤ ወረቀትና አሸዋ ይበቃል አልልም። መጀመሪያውን ግን ያለ መብራት መጀመር ይቻላል። ኒው ዚላንዳዊው ቲም ቤልና የሥራ ጓደኞቹ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮምፒውተር ሳይንስን ያለ ኮምፒውተር፣ በካርድና በጨዋታ የሚያስተምር መርሐ ግብር አዘጋጅተው በብዙ አገር ተሠርቶበታል።

ሌላው የገረመኝ ነገር፣ ያ ሁሉ የሆነው በአማርኛ መሆኑ ነው። አያቴ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ነበር የሠሩት። በ1902 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ይዟት የመጣው ባቡር ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ አያቴ እንደሚነግሩን ግን ሙያው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የተላለፈው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ነው። ለመማር የመጣ ወጣት ቶርኖውን ከመንካቱ በፊት ወራት ሙሉ ብረት በሞረድ ያስተካክል ነበር፤ አንድ ነባር ሠራተኛም አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። የዛሬው ልጅ የፕሮግራም ቃላቱን በእንግሊዝኛ መልመዱ አይቀርም፤ ሐሳቡን ግን ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ አስቀድሞ ቢጨብጠው ምን ይጎዳል?

«ማንበብና መደመር ያልተሟላለት ልጅ ፕሮግራም ምን ያደርግለታል?» የሚሉኝ አሉ፤ ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ በተማሪው ላይ አንድ ተጨማሪ የሽምደዳ መጽሐፍ ይጫንበት የሚለውን እኔም እቃወማለሁ። ደቻቱ ላይ የተደረገው ግን ሒሳብ ነበር፤ ልጁ በቃሉ ይዞት የነበረውን 60 ዲግሪ ያን ቀን ነው በእግሩ ቆሞ ያየው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሙን ይጽፍልናል የሚለውንም እሰማለሁ። ማሽኑ የሰጠው መልስ መስመሩ ያልገጠመ ሦስት ማዕዘን መሆኑን የሚያውቀው ግን አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ሠርቶ የተሳሳተ ሰው ነው።

የፕሮግራም ትምህርት ለሁሉም ይሰጥ የምለው ሁሉም ፕሮግራመር ይሁን ብዬ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠና ኢንተርኔት ላለው፣ ራሱን ችሎ ለሚማር ወጣት መልካም በር ከፍቷል። ሳትጠራ የማትመጣዋን ልጅ የሚጠራት ግን ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዝ አገር ምርጫው ለተማሪው ሲተው ሴቶቹ ከ5 አንድ ሆነው ቀርተዋል። ያን ቀን ስድስት ጎኑን ያገኘችው የእኅቴ ልጅ ስልክ የላትም፤ ማንም መርጦም ለኮምፒውተር አላጫትም ነበር።

ውጭ ያለን የድሬ ልጆች ገንዘብ አዋጥተን ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ወደ ትምህርት ቤቶች መላክ ልማዳችን ነው። እኔም አዋጥቻለሁ፤ ዘንድሮ ግን ማኅበራችንን የምለምነው የመርከብና የቀረጥ ወጪው ለአንድ ክረምት ለመምህራን እንዲውል ነው። ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት መምህር፣ አንዷ ሴት፣ አንዱም የሒሳብ መምህር ቢሆኑ፣ አበል እየተከፈላቸው ለስድስት ሳምንት ፕሮግራም እየጻፉ፣ እየተሳሳቱና በልጆቹ ቋንቋ ማስረዳትን እየተለማመዱ ቢሰነብቱ፣ ጨርቅ የለበሱት ሰባቱ ኮምፒውተሮች ለጅምሩ ይበቋቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት አሸዋ ላይ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን በክረምት ደቻቱ ድንገት ጎርፍ ስለሚያወርድ ሰው ወደዚያ መውሰድ አይገባም። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በጠመኔ ማስመር ይቻላል።