ፋኑ አልዞር ሲል ራሴ ዞረ

ከኮዬ ፈጬ ወደ መሀል ከተማ በመኪና የሚመላለስ ሰው ጠዋት ጠዋት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ የሚጠብቀውን ሰልፍ ያውቀዋል። እኔ ሰልፉን ለምጄዋለሁ። ያማረረኝ ባለፉት ሁለት ወራት ዓይኔን ከመንገዱ ነቅዬ የሙቀት ጌጁ ላይ ተክዬ መንዳቴ ነው። መኪናው ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ጠቋሚው ከመሀል ተነሥቶ ወደ ቀዩ መስመር ይሳባል፤ ዳር ይዤ ኮፈኑን ስከፍት ራዲያተሩ (የሞተሩ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ዕቃ) ይፋጃል፣ ከኋላው ያለው የኤሌክትሪክ ፋን ግን ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ ግን ይህ ችግር የለም። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ሳልቆም ብነዳው ጠቋሚው ንቅንቅ አይልም፤ ከክፍያ ጣቢያው ወጥቼ ሰልፍ ውስጥ እንደገባሁ መውጣት ይጀምራል። መኪና ሲሮጥ ራዲያተሩን ነፋሱ ያቀዘቅዝለታል፤ ሲቆም ነፋሱን መሳብ ያለበት ፋኑ ነው። ስለዚህ ሲሮጥ የማይሞቅና ሲቆም የሚሞቅ መኪና ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ ሊታይለት የሚገባው ፋኑና የፋኑ መስመር ነው። ይህንኑ ለሦስት ጋራዦች ቃል በቃል ተናግሬአለሁ፤ ሦስቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ከሰሙኝ በኋላ ከእኔ ንግግር ጋር የማይገናኝ ሥራ ሠሩ።

የመጀመሪያው ቴርሞስታቱን አወጣው። «ጋሼ፣ ይሄ ለብርድ አገር የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ አያስፈልግም» አለኝ። ቴርሞስታት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ዘግቶ የሚይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ82 ዲግሪ አካባቢ የሚከፈት ዕቃ ነው። ጥቅሙም ሞተሩ ቶሎ ወደ ትክክለኛው የሥራ ሙቀቱ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ከወጣ በኋላ መኪናዬ ጠዋት ለመሞቅ ዘላለም ይፈጅበት ጀመር፣ ቤንዚንም ጨመረ፤ ሰልፍ ላይ ግን ያው እንደ ዱሮው ወደ ቀዩ ይወጣል፣ ትንሽ ዘግይቶ ብቻ።

ሁለተኛው የፋኑ ሞተር ተቃጥሏል ብሎ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የፋን ሞተር አስገዛኝ። ከገጠመው በኋላ ከባትሪው በሁለት ሽቦ አያይዞ አዙሮ አሳየኝና ገንዘቡን ተቀበለ። በማግስቱ ሰልፍ ላይ አዲሱም ሞተር እንደ አሮጌው ዝም አለ። አሮጌውን ደግነቱ «ስጠኝ» ብዬ ይዤው ስለነበር ቤት ወስጄ በዚያው መንገድ ባትሪ ላይ ብሞክረው ያለ አንዳች እንከን ዞረ። ጤነኛ ሞተር ሸጦ ሌላ ጤነኛ ሞተር የገዛ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ሳልሸጠው ገዛሁ። እኚሁ ባለሙያ ሲሰነባበቱኝ «ካስቸገረዎት የራዲያተሩን ክዳን አላልተው ይንዱ» የሚል ምክርም መርቀውልኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይፈላል። ሞተሩን ከዚህ የሚያድነው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑን አላልቶ መንዳት ማለት መኪናውን ሆን ብሎ ማፍላት ማለት ነው፤ በሞቀበት መክፈት ደግሞ ፊትን መቀቀል ነው።

ሦስተኛው ፋኑን ዳይሬክት አደረገው። ዳይሬክት ማለት የሙቀት ሴንሰሩንም፣ ሪሌውንም (የፋኑን መብራት የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን)፣ ፊውዙንም (መብራት ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጠውን) ትቶ ከባትሪ ቀጥታ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሽቦ ስቦ መሪው ሥር አንድ የማብሪያ ቁልፍ መስቀል ነው። ፋኑ ዞረ፤ አልዋሽም፣ ለሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ማጥፋቱን ረስቼ ስገባ ባትሪው አልቆ አደረ። በሳምንቱ የፕላስቲክ ሽታ ሸተተኝና ሽቦውን ብነካው ጣት ያቃጥላል፤ ከአሥር አምፔር በላይ ሊስብ ለሚችል ሞተር የስፒከር ሽቦ የመሰለ ቀጭን ነገር ያለ ፊውዝ ዘርግቶልኛል። መኪናው እንዳይቃጠል ብዬ የከፈልኩበት ጥገና መኪናውን ሊያቃጥለው ምንም አልቀረውም።

ከዚያ በኋላ ነው ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ገዝቼ አንድ እሑድ ግቢ ውስጥ የተቀመጥኩት። መጀመሪያ ያንን የዳይሬክት ሽቦ ቆርጬ ጣልኩ። የመኪናውን ሞተር አስነሥቼ ኤሲውን ስከፍት ፋኑ መዞር ነበረበት፤ አልዞረም። የሙቀት ሴንሰሩን መሰኪያ ስነቅለው በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሩ ለጥንቃቄ ሲል ፋኑን ያስነሣል፤ ያም አልሆነ። ፊውዙ ደህና ነው። ሪሌውን አንድ ዓይነት ከሆነው ከክላክሱ ሪሌ ጋር አቀያየርኩት፣ ክላክሱ ይጮኻል፣ ፋኑ ግን ያው ነው። ቀጥሎ የፋኑን መሰኪያ ነቅዬ፣ ኤሲው እንደተከፈተ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ መሰኪያው ላይ ባለው የፖዘቲቭ ሽቦ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሳደርግ ከ13 ቮልት በላይ አነበበ። መብራቱ እስከዚያ ድረስ መጥቷል ማለት ነው። ሁለተኛውን ጫፍ ከባትሪው አንሥቼ እዚያው መሰኪያ ላይ ወዳለው ጥቁር ሽቦ ሳዛውረው ዜሮ ሆነ።

ማሳው፣ ማለትም መብራቱ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር፣ ነበር የተቋረጠው። ጥቁሩን ሽቦ ተከትዬ ስሄድ ከፊት መብራቱ ጀርባ በአንዲት ብሎን ከመኪናው አካል ጋር ታስሯል፤ ብሎኗን ስፈታት ከሥሯ ወፍራም ቀለም፣ ከቀለሙ ሥር ደግሞ ዝገት። አምና መኪናው ፊቱን ተገጭቶ ባትላሜራና ቀለም ሲሠራ ብሎኗ የምታርፍበትን ቦታ አብረው ቀብተውታል ማለት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግኩት፣ መልሼ አሰርኩት፣ ኤሲውን ከፈትኩ። ፋኑ ዞረ። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

እኔን ያንገበገበኝ የገንዘቡ ነገር ብቻ አይደለም። ሦስት ጋራዥ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ቴስተር በእጁ ሳይዝ ሁለት ወር ማለፉ ነው። መፍታትና መቀየር ሥራ ነው፤ መፈተሽ ግን ሥራ አይባልም፣ ስለዚህም ማንም አይፈትሽም። በእርግጥ እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት መደበቅ አልችልም፤ ከሁለተኛው ጋራዥ በኋላ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ «ችግሩን ለማግኘት ብቻ ይህን ያህል ያስከፍላል» ሲለኝ፣ «ምንም ሳትቀይር በምን ሒሳብ?» ብዬ ተቆጥቼ ወጥቻለሁ። የጠየቀኝ ገንዘብ ካገለገለው ሞተር ዋጋ ሩቡን አይሞላም ነበር።

አሁን የቀረኝ ቴርሞስታቱን መመለስ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ ሄጄ ብጠይቅ የት እንደጣሉት የሚያስታውስ አልተገኘም። አዲስ ልገዛ መለዋወጫ ቤት ገባሁና የሞዴሉን ዓመት ስነግረው፣ ሻጩ ከመደርደሪያው ፊት ሳይንቀሳቀስ በአዘኔታ አየኝ። «ጋሼ፣ ለምን ይከስራሉ? ሁሉም ሰው አውጥቶ ነው የሚነዳው።»