የማይናዘዙ ይኑሩልን

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ሟቿ የሰፈሩ ትልቅ እናት ናቸው። ድንኳኑ ገና አልተነሳም። የቅሬው፣ ማለት የዕድሩ፣ ወንበር አልተመለሰም። ንፍሮው እየዞረ ነው። ጓዳ ውስጥ ደግሞ ልጆቻቸው የእናታቸውን ሳጥን እየሰበሩ ነው። ቀስ ብለው ነው የሚሰብሩት፤ ለቀስተኛው እንዳይረበሽ። ጨዋ ልጆች ናቸው። የሚፈልጉት የቤቱን ካርታ ነው።

ከጎኔ የተቀመጡ አባት ድምፁን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ፣ ምነው ተናዝዘው ቢሆን!» አሉ። እኔም የሙያ አመል ሆኖብኝ «እርስዎስ፣ አባባ፣ ተናዝዘዋል?» አልኳቸው። ዘለው ሊነሱ ምንም አልቀራቸው። «ኧረ ተው ወንድሜ! ምን አድርጌህ ነው? ክፉ አታናግረኝ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አያንስም።

አልተቀየምኳቸውም። እንዴት እቀየማለሁ? እንጀራዬ ናቸው።

ደሴ ላይ ጠበቃ ነኝ። ፍቺም፣ የኪራይ ክርክርም፣ ቼክም እይዛለሁ። የቢሮዬን ኪራይ የሚከፍልልኝ ግን ውርስ ነው። ውርስ ስል በደንብ የተናዘዘ ሰው ውርስ ማለቴ አይደለም። እሱማ ለኛ ምን ይተርፈናል? እኔ የምለው «ልጆቼ አይጣሉም» ብሎ የሄደውን ሰው ውርስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ሳይናዘዙ ለሄዱ፣ ሳትናዘዙ ለመሄድ ለቆረጣችሁ፣ ወረቀት ሲቀርብላችሁ «ለሱ ይደረስበታል» ለምትሉ ሁሉ፣ ክብረት ይስጥልኝ።

ምክንያታችሁ ራሱ ያስደንቃል። ኑዛዜ ሟርት ነው ትላላችሁ። እውነት ነው። ኑዛዜ የጻፈ ሰው እንደሚሞት የታወቀ ነው። ያልጻፈው አይሞትም። በከተማችን መቃብር የተኙት ሁሉ ተናዛዦች ናቸው። ሳይናዘዙ የቀሩት እስካሁን ፒያሳ ቁጭ ብለው ማኪያቶ እየጠጡ ነው።

ሃይማኖትም ትጠቅሳላችሁ። «ሪዝቅ የአላህ ነው፣ እሱ ያከፋፍላል» ይሉኛል አንዳንድ ሀጂ። የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር የሚል ሐዲስ አለ እኮ ስላቸው፣ «አብሽር፣ እኔ ጋ ብዙ ነገር የለም» ይላሉ። ብዙ ነገር የለም ማለት ሁለት ቤት፣ አንድ ወፍጮና ሐይቅ ከተማ ያለ ቦታ ማለት ነው። ክርስቲያኑም አይብስም አይሻልም። ለንስሐ አባቱ የልጅነት ኃጢአቱን ሁሉ ይነግራል። ካርታው የት እንዳለ ግን አይነግርም።

ሕጉ ከባድ ነው የምትሉም አላችሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የጫነባችሁን ቀንበር እዩልኝ። አንድ ወረቀት። 4 ምስክሮች። ወረቀቱ በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ እዚያው ላይ ይጻፋል። ሁሉም ይፈርማሉ ወይም አሻራቸውን ያኖራሉ። አለቀ። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ደግሞ 2 ምስክር ይበቃል። ምስክር የማይጠይቅም መንገድ አለ፤ ከላይ እስከ ታች በገዛ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ፣ ቀን አስፍሮ መፈረም ነው። እሱን 7 ዓመት ሳይሞላው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም አዋዋይ ዘንድ ማስቀመጥ ነው፤ አለዚያ ዋጋ ያጣል። በቃ ይኸው ነው። ግን ለሠርጉ 8 ሚዜ አሰልፎ ሐይቅ ዳር ፎቶ የተነሳ ሰው 4 ምስክር ከየት ያምጣ?

በግማሽ ልብ የሚናዘዙትንም አልረሳም። ባልና ሚስት ተፋቅረው በአንድ ወረቀት ይናዘዛሉ። ሕጉ ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ የሚያደርገው ኑዛዜ አይረጋም ይላል። ሌላው አራቱንም ምስክሮች ያስፈርምና «በፊታቸው ተነበበ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ይዘላታል። የዚያች ዓረፍተ ነገር መቅረት ለኔ ስንት ወር እንጀራ እንደሆነች እኔ ነኝ የማውቀው። የቃል ኑዛዜ ይዘው የሚመጡም አሉ፤ «አባዬ ሲያጣጥር ቤቱን ለኔ ብሏል» እያሉ። የቃል ኑዛዜ በሕጉ ለአንድ ሰው ከ500 ብር በላይ አያሰጥም። ዛሬ ደሴ ላይ በ500 ብር የሚገዛ ቤት ካለ ንገሩኝ። ዶሮ ራሷ አትገዛም።

ከሁሉ የምወደው የጋሼን ቤት ጉዳይ ነው። ጋሼ እንበላቸው፤ ሰፈሩንም አልናገርም። አባታችንን ነው ያለው ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ፣ እንዲህ ያለ ጋሼ በየመንደሩ አለ። አንድ ቤት ነበራቸው። ለአምስት ሰው ሰጡት። ሁሉንም በቃል።

ለትልቁ ልጅ የሰጡት መነጽር ያሠራላቸው ዕለት ነው። «ይሄ ቤት ያንተ ነው፤ ለማንም እንዳትናገር» አሉት። ለሴቷ የሰጧት ስትዳር፣ ሲመርቋት በጆሮዋ ነው። ሳዑዲ ያለው ልጅ የጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ ሲልክ፣ በስልክ «የራስህን ቤት እኮ ነው የምታለብሰው» አሉት። ትንሹ አብሯቸው ስለሚኖር በየቀኑ ነው የሚሰጡት። ደግፎ ፀሐይ ባወጣቸው ቁጥር ቤቱ እንደ አዲስ የሱ ይሆናል። አምስተኛው በአርባቸው ከኮምቦልቻ መጣ። እሱን ማንም አያውቀውም። አፍንጫውን ግን ሁሉም አወቀው።

የወራሽነት ማረጋገጫ ወጣ። ውርስ አጣሪ ተሾመ። ንብረት ተቆጠረ። ሕጉ ልጆች እኩል ይወርሳሉ ይላል። እኩል የሚለውን ቃል እንደ አምስቱ ወንድማማችና እህት በቁም ነገር የያዘው ሰው አላየሁም። ነገሩ ከረከቦቱ ጀመረ። ሲኒው 11 ነው። ለአምስት ሲካፈል ሁለት ሁለት ይደርስና አንድ ይተርፋል። በዚች በተረፈችው ሲኒ ክርክር ተከፈተ። ትልቁ «በበኩርነቴ» አለ። ሴቷ «ቡና የማፈላው እኔ» አለች። የኮምቦልቻው «በሷ አንድ ቀን ሳልጠጣ ስላደግሁ ካሣዬ ትሁን» አለ። እውነት ለመናገር የሱ ይሻል ነበር። በመጨረሻ እርስ በርስ ተጫረቱባት። ገበያ ብትወጡ በርካሽ የምታገኟት ሲኒ 1,400 ብር ደረሰች። ያሸነፈው የሳዑዲው ነው፤ በስልክ ሆኖ። እሱ እስኪመጣ ትንሹ ዘንድ በአደራ ተቀምጣለች። እንዳይጠጣባት ታግዷል። በየቤታቸው ሁለት ሁለት ሲኒ ስላላቸው ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ጠርቶ ቡና ያፈላ የለም። አሥራ ሁለተኛዋ ሲኒ የት ገባች የሚለው በሌላ መዝገብ እየታየ ነው።

ቤቱን ሸጠን እንካፈል ያለ አልተገኘም። ሁሉም ቤቱ የራሱ ነዋ! ስለዚህ በኖራ ተሰመረ። የትልቁ ድርሻ በር አለው፣ መስኮት የለውም። የሴቷ መስኮት አለው፣ በር የለውም። ሁለት ልጅ የወለደች ሴት በመስኮት ትገባለች። እንግዳ ሲመጣባት መጀመሪያ ወንበር በመስኮት ታወጣለታለች፣ ረግጦ እንዲገባ። ሽንት ቤቱ የትንሹ መስመር ውስጥ ወደቀ። ይኸው ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ነገር በጠና ቀን ይቆልፈዋል። ያን ቀን ሁሉም ለእርቅ ይቸኩላሉ። የሳዑዲው ደግሞ «ቆርቆሮው የኔ ነው፤ ነቅላችሁ ሽጡልኝ» አለ። በሐምሌ! በደሴ ሐምሌ፣ ጭጋጉ ቤት ድረስ በሚገባበት! ግቢው ውስጥ አንድ ባሕር ዛፍ አለ። ሥሩ በኮምቦልቻው ድርሻ ነው፤ ጫፉ ወደ ትልቁ አዘንብሏል። የሚረግፈው ቅጠል የማን ነው? እኔ ስለዚህ ቅጠል ሁለት ገጽ መልስ ጽፌያለሁ። ግሩም ጽሑፍ ነው። ተከፍሎኛል።

የመብራት ቆጣሪው ዛሬም በጋሼ ስም ነው። ወደ ራሱ ስም ያዞረ ውዝፉን ይከፍላል ብለው ስለፈሩ አንድም የነካው የለም። ጋሼ አፈር ከለበሱ በኋላም የታወቁ የመብራት ደንበኛ ናቸው።

ወሎ ለኛ ለጠበቆች የተባረከ አገር ነው። በአንድ ቤት ገብረ ማርያምም መሐመድም ይወለዳል። ሠርጉንም ለቅሶውንም አብረው ነው። አባት ሲሞት ግን አንዱ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ አንዱ ወደ መደበኛው ያመራል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ በሃይማኖት ሕግ ለመዳኘት የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ይኑር ይላል። ፈቃድ! በሲኒ ካልተስማሙ ሰዎች! ከዚያ የወሎው አስታራቂ አበጋሩና ሽማግሌው ይገባሉ። ዱዓ ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል፣ ይሳሳማሉ። በማግሥቱ ይግባኝ።

የውክልና ወዳጆችም ይመስገኑ። አባቱ ከሞተ ቆይቷል፣ እሱ በአባቱ ውክልና ኪራይ ይሰበስባል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና ከወካዩ ጋር ይሞታል ስለው፣ «አባቴ እኮ እስከ መጨረሻው ያምነኝ ነበር» ይለኛል። ምን ትመልሱለታላችሁ?

አንዲት ልጅ ደግሞ በየቤቱ አለች። ትምህርቷን አቋርጣ እናቷን ያስታመመች። ገላቸውን ያጠበች፣ አንሶላ የቀየረች፣ ሌሊት መድኃኒት በሰዓቱ የሰጠች። ወንድሞቿ በዓመት አንዴ ለዓረፋ ወይም ለፋሲካ መጥተው ግንባራቸውን ስመው ይመለሳሉ። እናት ሲሞቱ ድርሻቸው ከሷ እኩል ነው። ቤቱ ይሸጣል፣ እሷ ፍራሿን ተሸክማ ኪራይ ቤት ትፈልጋለች። ሚስትስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ከጋራው ሀብት ግማሹ የራሷ ነው። ቤቱ ባልየው ሳያገባት በፊት ያፈራው ከሆነ ግን ያለ ኑዛዜ ምንም የላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ካበሰለችበት ጓዳ የእንጀራ ልጆቿ «እትዬ፣ እስከ ወር ድረስ ልቀቂልን» ይሏታል። ይህ እንደሚመጣ ባልየው ያውቅ ነበር። ልጆቹ ፊት እንዳይነሱት ብሎ ዝም አለ። ይህ ሟርትን መፍራት አይደለም። ፈሪነት ነው። ለራሱ ሰላም ሲል እሷን መሸጥ ነው።

የባሰም አለ። የታመሙ እናቱን ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ «ለሕክምና ነው» ብሎ ጣታቸውን ቀለም ነክሮ፣ የስጦታ ውል ላይ የሚያስረግጥ ልጅ አለ። እንዲህ ያለው ቢሮዬ ሲመጣ ቁጭ ሳይል ነው የማስወጣው። ሌላ ጠበቃ እንደማያጣ አውቃለሁ።

ይቅርታ፣ ለምስጋና ነው የተነሳሁት።

እንጀራ የሚዘጉ ሰዎች ግን አይጠፉም። አንዲት ክፉ አሮጊት ከኩታበር አካባቢ መጡብኝ። በነጠላቸው ጫፍ ብር ቋጥረዋል። ከኋላቸው አራት የቅሬ ሰዎች አስከትለዋል። ቁጭ እንዳሉ «ጻፍ» አሉኝ። «ቤቱ ለምታስታምመኝ ልጅ። ሱቁ ለሁለቱ ወንዶች እኩል። ሰው እንዳያጋጫቸው፣ ሚዛኑ ለትልቁ፣ ፍሪጁ ለትንሹ። ረከቦቱ ለሠራተኛዬ፣ ከነሲኒው።» ቆጥረውታል፤ 12 ነው። አነበብኩላቸው። አንድ ቦታ ላይ አስቁመው «ትንሹን ስሙን በአያቱ ጨምር፤ ሞክሼ አለው» አሉ። አሻራቸውን አኖሩ፤ ምስክሮቹ ፈረሙ። ቡና እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። ልጆቹ አኩርፈው ነበር አሉ፤ በቁማቸው ስለነገሯቸው። እሳቸውም ሲያኮርፉ አይተው፣ ሰድበው፣ አስታርቀው ነው የሞቱት። ከዚያ ቤት እስካሁን አንድ መዝገብ አልተከፈተም። አንድ! ትልቁን ልጅ መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም ይለኛል፤ ጉዳይ የለውም።

እንዲህ ያሉ አሥር አሮጊቶች ቢነሱ ቢሮዬን መዝጋቴ ነው። ልጄ ደግሞ ዘንድሮ የግል ኮሌጅ ገብታለች። ክፍያው በየሴሚስተሩ ነው፣ ቅድሚያ።