ፍሬን የሌለው ሞተር ለ13 ዓመት ልጅ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «የ13 ዓመት ልጅ ስፒድዌይ (በሞላላ የአፈር ሜዳ ላይ ፍሬን በሌለው ሞተርሳይክል የሚደረግ እሽቅድምድም) ቢማር ተገቢ ነው።» ሁለቱም ተከራካሪዎች ስዊድን ይኖራሉ።

ደጋፊ፦
እኛ ሐበሾች እዚህ አገር ለልጆቻችን የምናውቀው ስፖርት ኳስና ሩጫ ብቻ ነው። ስዊድኖች ግን ኦቬ ፉንዲን አምስት ጊዜ፣ ቶኒ ሪካርድሰን ደግሞ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆኑበት ሌላ ስፖርት አላቸው። አራት ነጂ፣ አራት ዙር፣ ሁሌም ወደ ግራ፤ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። የእህቴ ልጅ ክለቡ ባዋሰው አነስተኛ የ80 ሲሲ ሞተር ይለማመዳል። አዋቂዎቹ የሚነዱት 500 ሲሲ ላይ ለመውጣት ገና ዓመታት ይቀሩታል። ከእጁ አንጓ ጋር የታሰረ ገመድ አለ፤ ሲወድቅ ይነቀልና ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ፍሬን የለውም ብለው የሚደነግጡም አሉ። የሌለው ለደህንነት ነው።

ተቃዋሚ፦
የመጨረሻዋን መስመር መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አነበብኳት። «የሌለው ለደህንነት ነው።» እንግዲያው ልጄ፣ የከተማውን አውቶቡስ ሁሉ ፍሬን እናስፈታ! ፖላንድ ውስጥ ሪብኒክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የስፒድዌይ ነጂው ክሪስቲያን ሬምፓላ ሲወድቅ ሄልሜቱ ከራሱ ወለቀ፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አውስትራሊያዊው ነጂ ዳርሲ ዋርድ እዚያው ፖላንድ ዜሎና ጉራ ላይ ወድቆ ሽባ ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ትናንት የጀመሩ አልነበሩም። እኔ የራሴ ልጅ በ15 ዓመቱ ሞፔድ (ትንሿን የመንገድ ሞተር) ሲጀምር እንኳ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ደጋፊ፦
በመጀመሪያ «ልጄ» አይበሉኝ፤ 41 ዓመቴ ነው። ሲቀጥል አውቶቡስና ስፒድዌይ ምን አገናኛቸው? አራቱ ነጂዎች ተጠጋግተው ነው ኩርባው ውስጥ የሚገቡት። አንዱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላ ያለው ላዩ ላይ ይወጣል። ፍጥነቱን የሚቀንሰው መንሸራተቱ ራሱ ነው፦ የኋላው ጎማ ወደ ውጭ ይሸሻል፣ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ብረት ጫማ ያጠለቀው ግራ እግር መሬቱን እየፋቀ ይሄዳል። ልጁ መጀመሪያ የሚማረውም ኩርባው መሐል ጋዝ (በእጅ የሚጠመዘዘውን የነዳጅ መስጫ) አለመዝጋትን ነው። ደንግጦ ከዘጋ የኋላው ጎማ መሬቱን ይይዝና ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ አጥሩ ይሄዳል። አሠልጣኙ ከሜዳው መሐል ቆሞ «ጋዝ! ጋዝ!» እያለ የሚጮኸው ለዚህ ነው። አሁን ግልጽ ነው?

ተቃዋሚ፦
ግልጽ ነው፤ ከጠበቅሁትም በላይ። ልጅ ሲፈራ እጁ ይሰበሰባል፤ እግዜር እንዲያ አድርጎ ነው የፈጠረው። እርስዎ ያመጡት ሞተር ግን የፈራውን ልጅ አጥር ላይ ይለጥፈዋል። ደህንነት ያሉት ይሄን ነው? ስለ ሬምፓላ ደግሞ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ፖላንድ ውስጥ ቡድኖቹ በሊጉ ወጣት ነጂ የማሰለፍ ግዴታ አለባቸው። ልጆቹን የሚያባብሏቸው ለማን ጥቅም ሲሉ እንደሆነ ከዚያ ይገባኛል።

ደጋፊ፦
የፖላንድን ሊግ ማን አነሳው? ይልቅ ወደ ሞፔዱ እንመለስ። ልጅዎ በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በበረዶ፣ የጭነት መኪና ከፊትም ከኋላም እየመጣበት ይነዳል። የእህቴ ልጅ ሜዳ ላይ ከፊት ለፊቱ የሚመጣ የለም። አምቡላንስ ሳይቆም ውድድር አይጀመርም። ኩርባው ላይ በአየር የተነፋ መከላከያ አለ። እርስዎ ልጅዎን መንገድ ላይ ለቀው፣ እኔን ስለ ደህንነት ያስተምሩኛል! የምርዎን ነው?

ተቃዋሚ፦
የልጄን ሞፔድ ተዉት፤ እሱ ትምህርት ቤት ይሄድበታል። «የእህቴ ልጅ፣ የእህቴ ልጅ» ሲሉ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እናቱ ታውቃለች?

ደጋፊ፦
አባቱ ፈርሟል።

ተቃዋሚ፦
የጠየቅሁት እናቱን ነው።

ደጋፊ፦
ይሄ ከክርክሩ ሐሳብ ውጭ ነው። እኛ የምንከራከረው የ13 ዓመት ልጅ መማር አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ላይ እንጂ፣ በእኛ ቤት ማን ለማን ምን ነገረ በሚለው ላይ አይደለም። እህቴ ሞተር እንደሚነዳ ታውቃለች። ሁሉንም ዝርዝር ግን... እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሳያስፈራራት፣ በራሷ ጊዜ መጥታ ታየዋለች። ከፈለጉ እርስዎም ይምጡና ልምምዱን ይዩ። ቡና በነጻ ነው፤ ካላዩት ነገር ጋር ከመሟገት ይሻላል።

ተቃዋሚ፦
ፍሬን እንደሌለው አልተነገራትም ማለት ነው። እኔ ሜዳ አልመጣም፤ ቡናም ቤቴ አለኝ። የእህትዎን ስልክ ብቻ ይላኩልኝ።